«በሩ ሁልጊዜ ክፍት ነው» በሉ ላሉን ክቡር የሥልጠና ኃላፊ

ለተከበሩ የልብስ ስፌት ፋብሪካችን የሥልጠና መምሪያ ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል፤ ፍርሃቴም አብሮ ተያይዟል።

ክቡርነትዎ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ ለቤተሰብዎ፣ በተለይም ለጆሮዎ ደኅንነት ያለኝን መልካም ምኞት በታላቅ አክብሮት አቀርባለሁ። ጆሮዎን ለይቼ ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም፤ በእርስዎ መልካም ፈቃድ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ለሚሠሩት ልብስ ሰፊዎች እንግሊዝኛ ማዳመጥና መናገር የማስተምር ሰው ነኝና የጆሮ ነገር እንጀራዬ ሆኖ ነው። ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ይህን ሁሉ በቃል ልነግርዎ ደጋግሜ ሞክሬ ነበር። ጸሐፊዎ ስብሰባ ላይ መሆንዎን ሁልጊዜም በትሕትና ይነግሩኛል፤ እኔም፣ እውነቱን ልናገርና፣ ከደጅዎ የምመለሰው ደስ እያለኝ ነው። ምክንያቱም እፈራዎታለሁ።

ፈሪ መሆኔን ገና ከመነሻው ብናገር ይሻላል። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው እየፈራሁ ስለሆነ ፊደሎቼ ቢንጋደዱ ንቀት አድርገው እንዳይቆጥሩብኝ። «ፈሪ ለእናቱ» ይባላል። እናታችን ካረፈች ቆየች፤ እንግዲህ የእኔ ፍርሃት ለማን እንደሚጠቅም አላውቅም፤ ግን አለ፤ አብሮኝ ይበላል፣ አብሮኝ ደረጃ ይወጣል። እናታችን ስትሞት ታናሽ እህቴን «አደራህን» ብላኝ ነው የሞተችው። ያቺን እህቴን ደጅ ጠንቼ፣ ክቡርነትዎን ለምኜ ፋብሪካው ያስቀጠርኳት እኔው ነኝ። ዛሬ ከኋላው በር አጠገብ ባለው ማሽን ላይ ተቀምጣ የሸሚዝ እጅጌ ትሰፋለች። የምፈራው ለእሷ ነው። ይህን ካወቁልኝ ሌላው ቀላል ነውና ምስጋናዬን በተራ በተራ ልደርድር።

አንደኛ፣ ስለ መማሪያ መጽሐፉ አመሰግናለሁ። ማዳመጥና መናገር ከባድ ሙያዎች ናቸው እየተባለ እኛ መምህራን ብዙ ዘመን ስንደክምባቸው ኖረናል። እኔም ወጣት ሳለሁ ተማሪ የሰማውን በራሱ ቃል እንዲመልስ፣ ያልገባውን እንዲጠይቅ፣ እየተሳሳተም ቢሆን የልቡን እንዲናገር አስተምር ነበር። ክቡርነትዎ ከዚህ ሁሉ ድካም ገላገሉኝ። ከውጭ የሚመጡት ገዢዎች ፋብሪካውን ሲጎበኙ የሚጠይቋቸውን ጥያቄዎች አስቀድመው ሰብስበው፣ ለእያንዳንዱ ጥያቄ አንድ መልስ፣ አንድ ብቻ፣ አዘጋጅተው በቀጭን መጽሐፍ አሳትመው ሰጡኝ። በዚህ ዘዴ ማዳመጥ ማለት ከጥያቄው ውስጥ አንዲት ቃል ለቅሞ የትኛው ጥያቄ እንደሆነ ማወቅ ነው፤ መናገር ማለት ደግሞ የዚያን ጥያቄ መልስ ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ማለት ነው። «ምግብ» የምትል ቃል ከተሰማች መልሱ «በጣም ጣፋጭ ነው» ነው፤ «አለቃ» የምትል ከተሰማች «እንደ አባታችን ናቸው» ነው። ከአፏ ፍጥነት የተነሳ «ሬዲዮ» የምንላት አንዲት ሰፊ «ቲቸር፣ የእኔ አባት እኮ ሰክሮ ይደበድበን ነበር፤ እንደ አባቴ ናቸው ብል ሰውየውን መስደብ አይሆንብኝም?» ብላ ክፍሉን በሳቅ ገድላው ነበር። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ይህ መጽሐፉ ውስጥ የለም።

አንድ ቀን ከመጽሐፉ ወጥቼ ነበር። የድሮ አመሌ ተነስቶብኝ «እስቲ እያንዳንዳችሁ የምትፈልጉትን አንድ ነገር በእንግሊዝኛ ንገሩኝ» አልኳቸው። ፈቃድ የሌለው ነገር እንደጠየቅኳቸው ገብቷቸው እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ እህቴ እጇን አውጥታ መስኮት እፈልጋለሁ አለች፤ አዳራሹ ውስጥ ያሉት መስኮቶች ከጣሪያው ሥር ስለሆኑና ፍርግርግ ስላላቸው ነው። ሌላዋ ተከተለቻት፤ ውሃ እፈልጋለሁ አለች። ሌላዋ እንቅልፍ አለች። ስሕተቱ ብዙ ነበር፤ ግን እየተናገሩ ነበር፣ እየተደማመጡም ነበር፤ ያን ቀን ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ሄድኩ። በማግሥቱ ክቡርነትዎ አስጠርተው «መምህር፣ እርስዎ የተቀጠሩት ፍላጎት ለመቀስቀስ አይደለም» አሉኝ። ድምፅዎን ከፍ እንኳ አላደረጉም። እኔ ግን ከቢሮዎ ስወጣ የደረጃውን መደገፊያ ብረት ይዤ ነው የወረድኩት፤ ከዚያ ወዲህ ከመጽሐፉ ወጥቼ አላውቅም።

ሁለተኛ፣ ስለ በሩ አመሰግናለሁ። ክቡርነትዎ ወደ ሦስተኛ ፎቅ ብዙም ስለማይወጡ በቅርብ አላዩት ይሆናልና ልግለጽልዎ። አዳራሹ ረጅም ነው። በአንደኛው ጫፍ ሁላችንም የምንገባበት የፊት ደረጃ አለ፤ በሌላው ጫፍ ወደ ኋላ ደረጃ የሚያወጣ ባለ ሁለት መዝጊያ የብረት በር አለ። በላዩ ላይ የሚሮጥ ሰው ያለበት አረንጓዴ ምልክት ተለጥፏል። ከሯጩ ሰው በታች፣ በሁለቱ እጀታዎች መካከል፣ ሰንሰለት ገብቶ በጓጉንቸር ተቆልፏል። ሰንሰለቱ የገባው ጨርቅ በኋላው ደረጃ እየወጣ ይጠፋል በተባለ ጊዜ ነው። ጨርቁን ማን እንደወሰደው እስከ ዛሬ አልታወቀም፤ አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ እንዲሉ የተቆለፈባቸው ግን ሰፊዎቹ ናቸው።

የመጽሐፍዎ ሰባተኛ ጥያቄ እንዲህ ይላል፦ የአደጋ ጊዜ መውጫ በራችሁ በሥራ ሰዓት ክፍት ነው? መልሱም «የስ ሰር፣ ዘ ዶር ኢዝ ኦልዌይስ ኦፕን» ነው፤ አዎን ጌታዬ፣ በሩ ሁልጊዜ ክፍት ነው ማለት ነው። የመማሪያ ክፍል ስለሌለን ፈረቃው ሲያልቅ እዚያው ማሽኖቹ መካከል ቆመን፣ ሰንሰለቱን ፊት ለፊት እያየን፣ ይህን መልስ በአንድ ድምፅ ስንለማመድ ኖረናል። መጀመሪያ ሰሞን ይሳቅ ነበር። ሬዲዮ ሰንሰለቱን በእጇ እያንሿሿች ትለው ነበር፤ እኔም አብሬ እስቅ ነበር። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚሉትን ረስቼው ነው። ቆይቶ ሳቁ ቀረና ተለመደ፤ ከተለመደ በኋላ ሰንሰለቱን ልብ ያለው ሰው የለም። የትምህርት ዘዴዎ ውጤታማ መሆኑን በዚህ አረጋግጫለሁ።

ሦስተኛ፣ ስለ ድምፅ ማጉያው። እዚህ ላይ ምስጋናዬ ስለሚረዝም ይታገሱኝ። ክቡርነትዎ «የማዳመጥ ችሎታ በሥራ ሰዓትም ይዳብር» ብለው ጥያቄዎቹን በአንዲት የውጭ አገር ሴት ድምፅ አስቀድተው ጣሪያው ላይ በተሰቀሉት ድምፅ ማጉያዎች ቀኑን ሙሉ እንዲለቀቁ አዘዙ። ሰፊዎቹ «የጣሪያዋ እመቤት» ብለው ስም አወጡላት። እመቤቲቱ ድንገት ትጠይቃለች፤ ሰፊዎቹ አንገታቸውን ሳያቀኑ፣ እግራቸውን ከፔዳሉ ሳያነሱ፣ ባንድነት ይመልሳሉ፤ ስፌቱ ይቀጥላል። አንዳንድ ጊዜም ለእኔ ሳያሳውቁ አዲስ ጥያቄ ያስጨምሩባት ነበር፤ መምህሩም እንዳያንቀላፋ አስበው ይሆናል። በድምጿ ከመርካትዎ የተነሳ የእሳት አደጋ ማስጠንቀቂያውን ጭምር እሷው እንድትናገረው አደረጉ፤ በእንግሊዝኛ፣ በዚያው በለስላሳ አነጋገሯ። ገዢዎቹ ሲሰሙት ደስ ይላቸዋል ተብሎ ነው አሉ። እንዲህ ያለ ማስጠንቀቂያ መኖሩን ግን ለእኛ የነገረን አልነበረም።

ያን ቀን የሆነውን ክቡርነትዎ ከሪፖርት ያውቁታል፤ እኔ ያየሁትን ልንገርዎ። ፈረቃው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ገብቼ በፊት ደረጃው በኩል ቆሜ ነበር። የጣሪያዋ እመቤት ጀመረች፦ እባካችሁ ሥራችሁን አቁሙ፣ በቅርባችሁ ባለው በር በእርጋታ ውጡ አለች። እንግሊዝኛውን ቃል በቃል ሰምቼዋለሁ፤ ገብቶኛልም። አዲስ መልመጃ መሰለኝ። ሰፊዎቹም «ዶር» የምትለዋን ቃል እንደሰሙ፣ እንዳስተማርኳቸው፣ ቀና ሳይሉ «የስ ሰር፣ ዘ ዶር ኢዝ ኦልዌይስ ኦፕን» ብለው መለሱ። ደገመች። ደገሙ። አነጋገራቸው እንዲያ አምሮ አያውቅም። እኔ መምህራቸው አጨብጭቤ «ቬሪ ጉድ፣ እስቲ አንድ ጊዜ ደግሙት» አልኩ። ሬዲዮ ክሯን በጥርሷ እየበጠሰች «ዛሬስ ሴትዮዋ በሩ ላይ ተቸንክራ ቀረች» አለችና ተሳቀ።

ከዚያ ጢሱ መጣ።

ከእኛ ፎቅ በታች ባለው የካውያ ክፍል የተከመረ ቁርጥራጭ ጨርቅ ተያይዞ ኖሯል። ጢሱ በፊት ደረጃው ሽቅብ ከጀርባዬ መጣ፤ ጥቁር ነበር፣ የተቃጠለ ላስቲክ ይሸት ነበር። አንዷ «ወየው ልጄን!» ብላ ጮኸች፤ ከዚያ በኋላ ነፍሴ ውጪ ነፍሴ ግቢ ሆነ። ወንበር ተገለባበጠ። ሁሉም ወደ ኋላው በር ሮጠ። እኔም ሮጥኩ፤ መምህር ነኝ፣ ላረጋጋ የሚል ሐሳብ ባጠገቤም አላለፈ። እህቴ ለበሩ ቅርብ ስለነበረች ቀድማ የደረሰችው እሷ ናት። ፊት የደረሱት ሰንሰለቱን ሲይዙ ከኋላ ያሉት አያዩም፤ ከኋላ ያሉት የሚያዩት ጢሱን ብቻ ነው፤ ስለዚህ ይገፋሉ። እኔም እገፋ ነበር። እህቴ «ተቆልፏል! አትግፉ! ተቆልፏል!» ስትል ድምጿን ለየሁት። በእንግሊዝኛ ስላልነበረ ለመናገር ፈተናዋ እንደማይያዝላት አውቃለሁ። ቀጥሎ ድምጿ ጠፋ፤ ድምጿ የጠፋበት ጊዜ ካለፍኩባቸው ሁሉ የባሰው ነው። የጣሪያዋ እመቤት ከበላያችን በእርጋታ ውጡ፣ በእርጋታ ውጡ ትል ነበር።

የፎቃችን ሱፐርቫይዘር ባለችበት ሆና በስልኳ ቁልፍ ፍለጋ ገባች። መጋዘን ያሉት ቁልፉ ጥበቃ ጋ ነው አሉ። ጥበቃው ቢሮ ነው አለ። ቢሮ ያሉት ጸሐፊዎ ቁልፉ በክቡርነትዎ መሳቢያ ውስጥ መሆኑን፣ ክቡርነትዎ ግን ስለ ተግባቦት ክህሎት ስብሰባ ላይ ስለሆኑ ማቋረጥ እንደማይቻል በትሕትና አስረዱ። ያዳነን ቁልፍ አይደለም። ካውያ ክፍል የሚሠሩት ትልቅ ሴት፣ እትዬ ካውያ የምንላቸው፣ ከዕቃ ጫኞቹ ጋር ሆነው ከበርሜል ውሃ በባልዲ እየቀዱ እሳቱ ላይ ደፉበት። ጢሱ ሲሳሳ ሻርፕ ያለው በሻርፑ፣ የሌለው በቀሚሱ ጫፍ አፉን ይዞ በፊት ደረጃው እየተደናበርን ወረድን። እህቴን ተሸክሜ ነው የወረድኩት፤ ራሷን ስታ ነበር። ግቢው ውስጥ ውሃ ሲረጩባት ነቃች። የሞተ የለም፤ ለዚህ የማመሰግነው ፈጣሪን ነው፤ ክቡርነትዎን በዚህ ማመስገን ባለመቻሌ ይቅር ይበሉኝ። ቁልፉ የደረሰው መሬት ላይ ተቀምጠን ስንስል ነው፤ ያመጣው ሰው የተቀበለውን ሳያስፈርም አልሰጥም ብሎ ሲከራከር ሰምቼዋለሁ።

እቤት ስንደርስ የእህቴን ትከሻ አየሁት። የሰንሰለቱ ቀለበቶች ተራ በተራ ታትመውበታል። ያኔ ቀይ ነበር፤ ከዚያ ጠቆረ፤ አሁን ወደ ቢጫነት እየሄደ ነው። «አያምም» ትለኛለች። ስትዋሽ አውቃታለሁ፤ ያሳደግኳት እኔ ነኝ።

አራተኛ፣ በማግሥቱ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ስላስለጠፉት ጽሑፍ አመሰግናለሁ። «ሠራተኞቻችን በተከሰተው መጠነኛ ጢስ ሳይደናገጡ በሥራ ገበታቸው ላይ መቆየታቸውና ለማስጠንቀቂያው በጠራ እንግሊዝኛ ምላሽ መስጠታቸው የማዳመጥና የመናገር ሥልጠናውን ስኬት ያሳያል» ይላል። ሬዲዮ አንብባ ስትጨርስ ዞር ብላ ወደ ማሽኗ ሄደች። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነውና ቀያይ የእሳት ማጥፊያዎችም ተሰቀሉልን፤ እንዳይሰረቁ ተብሎ ከግድግዳው ጋር በብሎን ስለታሰሩ ግን የሚወርዱ አይደሉም። ሰንሰለቱም አልተረሳም። በግፊያው አንድ ቀለበቱ ተጣሞ ስለነበር በወፍራም ተተክቷል። ጓጉንቸሩም አዲስ ነው፤ ያብረቀርቃል።

አምስተኛ ብዬ ልቀጥል ነበር፤ ከዚህ በኋላ ያለው ግን ቁጥር የሚገባለት ነገር አይደለም። ሰፊዎቹ ድሮ ፔዳሉ በደንብ እንዲሰማቸው ጫማቸውን አውልቀው ነበር የሚሠሩት። አሁን አንዲትም አታወልቅም። ከኋላው በር አጠገብ ያለው ቦታ ቀዝቀዝ ይላል ተብሎ ይጣሉበት ነበር፤ አሁን እዚያ የሚቀመጠው አለቃ ያስቀመጠው ብቻ ነው፤ አንዷ እህቴ ናት። የጣሪያዋ እመቤት ድምጿን ስታሰማ፣ ስለ ምግብም ትጠይቅ ስለ ደመወዝ፣ ማሽኑ ሁሉ ባንዴ ጸጥ ይልና ዓይን ሁሉ ወደ ደረጃው ይዞራል። መልሱ የሚመጣው ቆይቶ ነው። እኔ ደግሞ ጢስ ጢስ ይለኛል። መጽሐፍ ስከፍት ይሸተኛል፤ አውቶቡስ ውስጥ ይሸተኛል፤ ሻይ ጥጄ እሳቱን አጥፍቼ ወጥቼ እመለስና ደግሜ አየዋለሁ። እህቴ ከሥራ ትንሽ ካመሸች ከመንገዱ ዳር ቆሜ የፋብሪካውን ጣሪያ አያለሁ። ጎረቤቶቼ ምን እንደማይ ጠይቀውኛል፤ ደመና እያየሁ ነው እላለሁ።

ይህን ሁሉ ችዬ ዝም እል ነበር፤ ዝም አይነቅዝም ብሎ የኖረ ሰው ነኝ። ያናገረኝ የመጨረሻው ትእዛዝዎ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ገዢዎቹ ይመጣሉ። ክቡርነትዎ ለዝግጅቱ ብለው ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ወጥተው ሁሉንም አንድ በአንድ ካዳመጡ በኋላ ሰባተኛውን ጥያቄ ከሁሉ አጥርታ የምትናገረው ትመልስ አሉ፤ ምርጫዎም እህቴ ላይ አረፈ። ምርጫው ትክክል ነው። ጆሮዋ ሹል ነው፤ የሰማችውን አትረሳም፤ እቤት ዕቃ ስታጥብ እንኳ ከንፈሯ እንግሊዝኛውን ይለማመዳል። ነገር ግን እስከ ስድስተኛው ጥያቄ ውሃ በሚመስል አነጋገር ስትመልስ ቆይታ ሰባተኛው ላይ ስትደርስ ድምጿ ይጠፋል። አፏ ይከፈታል፤ የሚወጣ ነገር የለም። እጇ ወደ ትከሻዋ ይሄዳል። ስምንተኛውን ስጠይቃት እንደገና ትናገራለች። ክቡርነትዎ ይህን በዓይንዎ አይተው «የመናገር ችሎታ ጉድለት ስለሆነ በተጨማሪ ልምምድ በአስቸኳይ ይታረም፤ ካልታረመ አስተማሪውም ተማሪዋም ይሰናበታሉ» የሚል ትእዛዝ ሰጡኝ።

እንግዲህ ታዛዥ ነኝና እቤት ሁለት ወንበር ገጥመን ተቀመጥን። እኔ ገዢ ሆንኩ፣ እሷ ራሷን ሆነች። በራችሁ ክፍት ነው ወይ አልኳት በእንግሊዝኛ። እጇ ወደ ትከሻዋ ሄደ። ደግሜ ጠየቅኳት። ከዚያ እንግሊዝኛውን ተወችና «ጋሼ፣ ሰውየው የምሩን ነው የሚጠይቀኝ ወይስ መልመጃ ነው?» አለችኝ።

ክቡርነትዎ፣ ዕድሜዬን ሙሉ መናገር ሳስተምር እንዲህ ያለ ጥያቄ ጠይቆኝ የሚያውቅ ተማሪ የለም። የምሩን ነው ብላት የምሩን ልትመልስለት ነው፤ ትባረራለች። መልመጃ ነው ብላት ደግሞ ያን ቀን አጨብጭቤ ያስተማርኩትን ትምህርት ደግሜ ማስተማሬ ነው፤ ሌላ ቀን እመቤቲቱ ውጡ ስትል እህቴ ቀና ሳትል መልሷን ትመልስና ስፌቷን ትቀጥላለች። ተነስቼ ሻይ ጣድኩ። ስመለስ አሁንም መልሴን እየጠበቀች ነበር።

ስለዚህ በታላቅ አክብሮት የማስታውቀው፣ ከዛሬ ጀምሮ ሰባተኛውን ጥያቄ አላስተምርም። ይህችን ዓረፍተ ነገር ፈርቼ ፈርቼ ነው የጻፍኳት፤ ግን ወጣች፤ ከአፍ ከወጣ ደግሞ አፋፍ ነው። ክቡርነትዎ መልሱን እንዲቀይሩ አልጠይቅም፤ መልሱ ምንም የማይወጣለት እንግሊዝኛ ነው። መቀየር ያለበት በሩ ነው። ያቺን ጓጉንቸር ቢያወልቋት መጽሐፍዎ ያለ አንዲት እርማት እውነት ይሆናል፤ የእህቴም ድምፅ ይመለስ ይሆናል። ጨርቁ የሚያሳስብዎ ከሆነ ደረጃው ሥር ሰው ያቁሙ፤ ሰው ከጠፋ እኔው እቆማለሁ፣ ፈሪ ሰው ጥሩ ዘበኛ ይወጣዋል። ደብዳቤዬን በግልጽ ያደረግኩት ክቡርነትዎን ለማሳፈር ብዬ አይደለም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ስለሆነ ፋብሪካው ሁሉ የሚያወራውን እርስዎ ሳይሰሙ እንዳይቀሩ ብዬ ነው፤ ደግሞም ለብቻዎ ብልክልዎ መሳቢያዎ ውስጥ ከቁልፉ ጎን እንዳይተኛ ሰግቼ ነው። ነገ ጠዋት ሠራተኞች በሚገቡበት በር ላይ ተለጥፎ ያገኙታል።

ስብሰባዎ ሁሉ እንዲሰምር፣ ወንበርዎ እንዳይነቃነቅ፣ እንግዶችዎ ረክተው እንዲመለሱ፣ በሚገቡበት ቤትም ሁሉ መውጫ እንዳያጡ ከልብ እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ ነስቼ እሰናበታለሁ።

ከማይለካ አክብሮትና ከዚያ ከሚበልጥ ፍርሃት ጋር፣
የሦስተኛ ፎቅ የማዳመጥና የመናገር መምህር

ግልባጭ፦
ለመጋዘን
ለጥበቃ
ለተከበሩ ጸሐፊዎ
ቁልፉ ሌላ ሰው ጋ ነው ለሚሉ ሁሉ
ለገዢዎቹ፣ ተማሪዎቼ ወደ እንግሊዝኛ ከመለሱት ጋር

ከፊርማዬ በኋላ የታከለ፦ ነገሩ የእሷ ነውና ደብዳቤውን ከመለጠፌ በፊት ለእህቴ አነበብኩላት። ቦርሳዋን ይዛ ወደ ሥራ ልትወጣ ነበር። በዚህ ጉዳይ እንደሚያባርሯት ነገርኳት፤ ስነግራት እኔ ነኝ የፈራሁት። «ታዲያ ማባረር ማስወጣት አይደለም እንዴ ጋሼ? ለጥፈው» አለችኝ። እናም ክቡርነትዎን አንዲት ነገር ብቻ እለምናለሁ፦ ሊያባርሯት ከቆረጡ፣ እባክዎን በኋላው በር ያስወጧት፤ ያኔ እንኳ ቁልፉን የሚያመጣ ሰው ይገኛል።